«ታይፎይዴ ተነሳብኝ»

ሰፈራችን ውስጥ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ብሎ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። «ታይፎይድ ያዘኝ» አይደለም የሚባለው፤ «ታይፎይዴ» ነው። እንደ ጨጓራና እንደ ወገብ የግል ንብረት ሆኗል። ድሮ እናቶቻችን ትኩሳትና ራስ ምታት ሲያዩ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ያሹን ነበር። ዛሬ ያንኑ ትኩሳት ይዘን ክሊኒክ እንሄዳለን፤ ካርድ አውጥተን፣ ደም ተቀድተን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጥቂት ቆይተን አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንቀበላለን። ወረቀቷ ላይ ኦ፣ ኤች፣ ኦኤክስ 19 የሚሉ ምልክቶች አሉ፤ አጠገባቸው 1፡80 ወይም 1፡160 ተጽፏል። «ታይፎይድም ታይፈስም ጀማምሮሃል።» ሁለቱ እንደ ሙሽራና ሚዜ ሳይነጣጠሉ ነው የሚመጡት።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረጉኝ አንዲት ጎረቤቴ ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ታይፎይድ ተብለው አራት ጊዜ መድኃኒት ወሰዱ፤ ሁለቴ በእንክብል፣ ሁለቴ በመርፌ። በአምስተኛው ያገኙት ሐኪም ደም ከማዘዙ በፊት ስለ ሳላቸውና ሌሊት ስለሚያጠምቃቸው ላብ ጠየቃቸው፤ አክታቸውም ተመረመረ። ቲቢ ነበር። አራቱን ወረቀቶች በፌስታል ቋጥረው አስቀምጠዋቸው ነበርና «አንተ ታነባለህ፣ እስቲ ምን እንደሚሉ እያቸው» ብለው ሰጡኝ። አራቱም ፖዘቲቭ ይላሉ።

ዊዳል የሚባለውን ይህን ምርመራ ለዓለም ያስተዋወቀው ፈርናን ዊዳል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896። ምርመራው የሚፈልገው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመዋጋት የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ታሞ የዳነም፣ ክትባት የወሰደም፣ የታይፎይድ ጀርም ዘመድ በሆነ ሌላ ባክቴሪያ የተነካም፣ አንዳንዴ ወባ የያዘውም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። የታይፈሱ ይብሳል። እ.ኤ.አ. ከ1916 ጀምሮ የሚታወቀው የታይፈስ ምርመራ፣ ዌል-ፊሊክስ፣ የሚሠራው ፕሮቲየስ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ ስለሆነ፣ የታይፈስ ጀርም በምርመራው ውስጥ ጭራሽ የለም። ደግሞም ሁለቱ በሽታዎች በስም ቢመሳሰሉም የተለያዩ ናቸው፤ ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ ይገባል፣ ወረርሽኝ የሚሆነውን ታይፈስ ግን የምታስተላልፈው የሰውነት ቅማል ናት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት፣ ታይፎይድ የሚመስል ትኩሳት ይዟቸው አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ሆስፒታል የመጡ 270 ሰዎችን በዊዳልም በደም ከልቸርም መረመረ። ከልቸር ማለት ከደሙ ውስጥ ጀርሙን አሳድጎ ራሱን መያዝ ነው። በከልቸር የታይፎይድ ወይም የቅርብ ዘመዱ የፓራታይፎይድ ጀርም የተገኘባቸው 7 ሰዎች ነበሩ። ዊዳል ፖዘቲቭ ያላቸው ግን 88 ናቸው። ከ88ቱ ጀርሙ በእርግጥ የተገኘባቸው 5 ብቻ። የቀሩት 83 ሰዎች ምን ይዟቸው እንደመጡ ዊዳል አልነገረንም፤ እንዲያውም ፍለጋውን አስቁሞታል። ከልቸርም ራሱ የሚያመልጠው ታማሚ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን 5ቱን 10 ብናደርጋቸው እንኳ 78 ሰው ይቀራል።

በዚሁ ጥናት ዊዳል ከታመሙት 71 ከመቶውን ይይዛል፣ ታይፎይድ ከሌለባቸው ደግሞ 68 ከመቶውን በትክክል ነጻ ያወጣል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ፖዘቲቭ ከሆንኩ 70 ከመቶ ታምሜያለሁ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ተሳስቷል። 71 ከመቶ የሚመልሰው «የታመመ ሰው ቢመረመር ይያዛል ወይ?» የሚለውን ነው። ወረቀት ይዞ የቆመው ሰው የሚጠይቀው ግልባጩን ነው፦ «ፖዘቲቭ ተብያለሁ፤ ታምሜያለሁ ወይ?» የዚህ መልስ 5 ከ88 ነው፤ 6 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ታማሚው ጥቂት ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ከጥቂቶቹ የሚገኘውን እውነት ይውጠዋል።

ይኸው ምርመራ ወረርሽኝ ወደገባበት ከተማ ይሂድ እንበል፤ ትኩሳት ካለባቸው 1000 ሰዎች 500ው ታይፎይድ ይዟቸዋል። ዊዳል 355 ያህሉን በትክክል፣ 160 ያህሉን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። እዚያ ፖዘቲቭ የተባለ ሰው ታሞ የመገኘት ዕድሉ ወደ 69 ከመቶ ይወጣል። ምርመራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚመረመረው ሕዝብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳሰላው እኔንም አስቆኛል። የክሊኒኩ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ 270ውንም «ታይፎይድ የለብዎትም፣ ይሂዱ» ቢል 263 ጊዜ ልክ ይሆናል። ዊዳል ልክ የሆነው 185 ጊዜ ነው። ዘበኛውን ሐኪም እናድርገው ማለቴ አይደለም፤ 7ቱን ታማሚዎች በሙሉ ይሸኛቸዋል፣ ታይፎይድ ደግሞ ካልታከመ ይገድላል። ነገር ግን «ትክክለኛነቱ ይህን ያህል ነው» የሚል አንድ ቁጥር ብቻውን ሲነገረን ምን ያህል እንደሚያሞኘን ያሳያል።

ይህ ስሌት የዊዳል ብቻ አይደለም። የኤች አይ ቪ ምርመራ ከዊዳል እጅግ የተሻለ ነው። ቢሆንም ቫይረሱ በደሙ ያለበት ሰው ከ100 አንድ በሆነበት አገር፣ 99 ከመቶ ልክ የሆነ ምርመራ እንኳ ከ1000 ሰው 10 እውነተኛና 10 የውሸት ፖዘቲቭ ያወጣል። ስለዚህም በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ሳይረጋገጥ ማንም «አለብህ» አይባልም። እዚያ የምናውቀውን ጥንቃቄ እዚህ ለምን ረሳነው?

ዊዳል ርካሽና ፈጣን ነው፤ ከልቸር ቀናት ይፈጃል፣ በየሰፈሩም የለም። እኛም ንጹሕ አይደለንም። ሐኪሙ «ይህ ምርመራ አያስፈልግህም» ካለን «ደሜን እንኳ ሳያይልኝ» ብለን አኩርፈን ሌላ ክሊኒክ እንገባለን። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ደግሞ ያለ ማዘዣ እንገዛዋለን። በየትኩሳቱ የተዋጠ አንቲባዮቲክ እውነተኛው ታይፎይድ የመጣ ዕለት እንደማይሠራ እየተነገረን ነው።

ጤና ቢሮዎች ቢያንስ አንድ የዊዳል ውጤት ብቻውን የመድኃኒት ማዘዣ እንዳይሆን ይቆጣጠሩ። አንባቢም የጀመረውን መድኃኒት በራሱ አያቋርጥ፤ ይልቅ ወረቀቱን ሲቀበል ሐኪሙን «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ብሎ ይጠይቅ።

ጎረቤቴ የስድስት ወር መድኃኒታቸውን ጨርሰው ድነዋል። ወረቀቶቹን ልመልስላቸው ስሄድ ተቀብለው ወደ ፌስታሉ ከተቷቸው። «ይቀመጡ» አሉኝ፣ «ታይፎይዴ የተነሳ ጊዜ ያስፈልጋሉ።»