አንዱ ለምን ይቀነሳል?

በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ የስታቲስቲክስ መምህር ሳለሁ፣ ከሌላ ትምህርት ክፍል አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ የጥናታቸውን መረጃ በፍላሽ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ለወራት የደከሙበት ሥራ ነው። ያስጨነቃቸው ግን ኮምፒዩተሩ ያወጣላቸው አንዲት ቁጥር ነበረች፤ 0.08 ትላለች። «ወንድሜ፣ እባክህ ይህችን ከ0.05 በታች አውርድልኝ» አሉኝ። እምቢ ለማለት ዕድሜዬም ማዕረጌም የሚበቃ አልመሰለኝም። «ያፈነገጡ ናቸው» ብዬ ጥቂት ተጠያቂዎችን ከመረጃው አስወጣሁ፤ ቁጥሯም ወረደች። ጽሑፉ ታተመ፤ እኔም ምሳ ተጋበዝኩ። ይህን የምጽፈው እርሳቸውን ለማሳጣት አይደለም። ሙያውን የማውቀው እኔ ነበርኩና ጥፋቱም የእኔ ነው።

ያቺ ቁጥር በሙያው «ፒ ቫልዩ» ትባላለች። የምትመልሰው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ በምናነጻጽራቸው ቡድኖች መካከል በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር፣ እንዲያው በአጋጣሚ ብቻ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት የማየት ዕድላችን ምን ያህል ነው? እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ለተመራማሪዎች ባሳተመው መጽሐፍ 0.05ን ለሥራ የሚመች መለያ አድርጎ አቀረበ። ውሎ አድሮ አመቺው ነገር ሕግ ሆነና ከመመረቂያ ጽሑፍ እስከ ዶክትሬት ድረስ ሁሉም በዚያች መስመር የሚምል ሆነ። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ፣ ሳይንሳዊ ድምዳሜም ሆነ የፖሊሲ ውሳኔ ይህች ቁጥር አንዲትን መስመር በማለፏ ወይም ባለማለፏ ብቻ ሊመሠረት እንደማይገባ አሳስቧል። በአማርኛ መገናኛ ብዙኃን «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ርእስ ባየሁ ቁጥር ያ ምሳ ትዝ ይለኛል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ እምቢ የሚል ባለሙያ የሚወጣው ከየት ነው? እኔ እንደማምነው፣ ከማቲማቲካል ስታቲስቲክስ ክፍል ነው። ይኸውም ቀመሩ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ቅድመ ሁኔታ እንደሚሠራና መቼ እንደሚከዳ በማረጋገጫ የሚታይበት ትምህርት ነው። ዛሬ ግን በአገር ቤት ያሉ የሙያ ጓደኞቼ የሚነግሩኝም፣ እዚህ በምኖርበት አገር የማየውም ተመሳሳይ ነው፦ የማረጋገጫው ሰዓት እየተሸረፈ ለሶፍትዌር ልምምድ ይሰጣል። ተማሪው የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ያውቃል፤ የተጫነው ቁልፍ ምን እንዳደረገ ግን አያውቅም።

አንድ ትዝታ ላንሳ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችን ሳስተምር የልይይትን ቀመር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦ እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ያለውን ርቀት በራሱ አባዛ፣ ደምር፣ ከዚያም ለናሙናው ብዛት ሲቀነስ አንድ አካፍል። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሦስት ሰዎችን ለክተን ለምን ለሁለት እናካፍላለን? አንዱ ለምን ይቀነሳል?»

በዚያ ክፍል ስታቲስቲክስን በምርጫቸው የተቀላቀሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ የሚበዙት የተመኙት ሳይደርሳቸው የተመደቡ ናቸው። «ቀመሩ ነው» ብዬ ባልፍ የሚከፋው አልነበረም። ያን ዕለት ግን ያቀድኩትን ትቼ ሦስት ቁጥሮች ጻፍኩ፦ 8፣ 10 እና 12። አማካያቸው 10 ነው። ርቀታቸው ሁለት፣ ዜሮና ሁለት ስለሆነ፣ ርቀቶቹ በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ 8 ይሆናሉ። አሁን ቁጥሮቹ የተወሰዱበት የመላው ሕዝብ እውነተኛ አማካይ 11 ነው እንበል። ርቀቶቹን ከ11 ብንለካ ሦስት፣ አንድና አንድ ይሆናሉ፤ ድምሩም 11 ይደርሳል። ከ10 በቀር የትኛውንም ቁጥር መሐል ላይ ብናስቀምጥ ድምሩ ከ8 ይበልጣል። ናሙናው ሁልጊዜ ከራሱ በወጣው አማካይ ዙሪያ ከሚገባው በላይ ተሰብስቦ ይታያል ማለት ነው፤ መለያየቱም ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። በሦስት ፈንታ ለሁለት ማካፈላችን ይህንን ማነስ በአማካይ ይክሳል። ሌላም መንገድ አለ፦ አማካዩ 10 መሆኑንና ሁለቱን ቁጥሮች ካወቅህ ሦስተኛው ምርጫ የለውም፤ ነጻ የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው። ሰዓቱ አለቀ፤ ተማሪዎቹ ግን አልተነሡም። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለ ቀን ብዙ አላየሁም።

የትናንሽ ናሙናዎች ስሌት መነሻ የቢራ ፋብሪካ መሆኑን ስነግራቸው ይስቃሉ። ዊልያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ፋብሪካ ባለሙያ ነበር። ገብስና ጌሾ መሰል ቅጠላቸውን በጥቂት ናሙና መመዘን ነበረበት፤ የዘመኑ ቀመሮች ደግሞ የሚታመኑት ናሙናው ብዙ ሲሆን ነው። ለትናንሽ ናሙናዎች የሚሆነውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ፤ ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲጽፉ ስለማይፈቅድ «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ወጣ። ለጠላ ጠማቂ ልጆች ይህን ከመተረክ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

የሚቃወሙኝ ባልደረቦች ያላቸው ክርክር ቀላል አይደለም። ተማሪው በካልኩለስ ደክሞ ይመጣል፤ ቀጣሪው የሚፈልገው ሶፍትዌር የሚያውቅ ሰው ነው፤ ስሌቱንም ማሽን ከእኛ አሳምሮ ይሠራዋል። እውነታቸውን ነው። እኛ የተማርንበት መንገድም የሚያስቀና አልነበረም። ከሆግና ክሬግ መጽሐፍ ፎቶኮፒ ላይ ማረጋገጫውን እንዳለ ገልብጠን፣ በቃል ሸምድደን፣ ለፈተና ደግመን እንረሳው ነበር። ያ እንዲመለስ አልሻም። ነገር ግን ስሌቱን ማሽን ከሠራው ለሰው የሚቀረው ሥራ መጠየቅ ነው፤ ከዚያች ከኋላ ወንበር እንደተነሣው ያለ ጥያቄ መጠየቅ።

ይህ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ወደ ወጥ ድስት ልውሰዳችሁ። ጨው መብቃቱን ለማወቅ እናቶቻችን አንድ ማንኪያ ይቀምሳሉ። ድስቱ ለአምስት ሰው ይሁን ለድግስ ማንኪያው አይለወጥም፤ ወጡ መማሰሉ ግን ግድ ነው። በዕጣ የተመረጡ 1000 ሰዎች ስለ ብዙ ሚሊዮኖች አስተያየት ሦስት በመቶ ገደማ ከፍና ዝቅ በሚል ስሕተት ይነግሩናል፤ ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ 4000 ያስፈልጋሉ። ካልተማሰለ ግን ብዛት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መልስ ሰብስቦ ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። በዩቲዩብና በቴሌግራም የምናካሂዳቸው የድምፅ ቆጠራዎች፣ ስለ አገር ቤት የሚደረጉት ጭምር፣ ያልተማሰለ ድስት ናቸው፤ የሚመልሰው ሰርጡን የሚከታተል ነውና።

በአገራችን ደግሞ የድስቱ መጠን ራሱ በግምት ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ እንዲካሄድ ያዛል። የመጨረሻው በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ሲሆን፣ 73 ሚሊዮን 750 ሺህ ገደማ ሕዝብ ተመዘገበበት፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው ትልቁ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ ሲመርጥ፣ ዕጣው የወጣው ከዚያው ከ1999ኙ ቆጠራ 84,915 ቦታዎች ዝርዝር ነው። በመካከሉ ከተሞች ሰፍተዋል፤ ሰፈሮች ፈርሰው ሌሎች ተሠርተዋል። ጥናቱን ያካሄዱት ባለሙያዎች ይህን ያውቃሉ፤ በተመረጡት ቦታዎች ቤቶችን እንደገና መመዝገባቸውም ለዚሁ ነው። የሕፃናት ሞት፣ የክትባት ሽፋን፣ የነፍስ ወከፍ ገቢ የሚባሉት ሁሉ ከሥራቸው እንዲህ ያለ ዝርዝር ወይም ትንበያ አለባቸው። ባለሥልጣን «ቁጥሩን ዝቅ አድርግልኝ» ወይም «ከፍ አድርግልኝ» ሲል፣ የግምቱን ስፋት አስልቶ «ከዚህ በላይ አልልም» የሚል ተመራቂ ያስፈልጋል። ያ ሰው በሁለት ሳምንት ሥልጠና አይወጣም።

የሁለት ሳምንቱን ሥልጠና ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። እኛ በውጭ የምንኖር የሙያው ሰዎች ክረምት ላይ አገር ቤት ገብተን፣ ሶፍትዌር አሠልጥነን፣ የምስክር ወረቀት አድለን፣ ፎቶ ተነሥተን መመለስ እንወዳለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ለፎቶው ጥሩ ነው፤ ክፍተቱን ግን ይብስ ያሰፋዋል፤ የምንጨምረው የሚጫኑ ቁልፎችን ነውና። በመድኃኒት ኩባንያ፣ በባንክ፣ በሆስፒታል በስታቲስቲክስ የምታገለግሉ ወገኖቼ፣ ከክረምት ጉብኝት ይልቅ አንድ ሙሉ ኮርስ ለአንድ ሴሚስተር ያዙ፤ ፈተና አውጡ፣ ወረቀት አርሙ፣ የወደቀውንም አስረዱ። የአገር ቤቱ መምህር በዝቅተኛ ደመወዝ የክፍል ሸክሙ በዝቶበት እንጂ ችሎታ አጥቶ አይደለም፤ ከጎኑ አንድ ሰው ቢቆም ብዙ ይቃለልለታል።

እኔ ካለፈው ሴሚስተር ጀምሮ አንድ ኮርስ በኢንተርኔት ይዣለሁ። እነርሱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲሰበሰቡ እኔ ዘንድ ገና ጎሕ አልቀደደም። በአካል ከጎናቸው የሚቆመው የክፍሉ መምህር ያቺ የኋላ ወንበር ተማሪዬ ናት። ባለፈው ሳምንት የናሙና አማካይ እንዴት ወደ ኖርማል ስርጭት እንደሚጠጋ እያረጋገጥን ሳለ መብራት ጠፋባቸው። በስልኳ «እስከ ሦስተኛው መስመር ገልብጠናል፤ አንድ ልጅ ግን ሁለተኛው መስመር አልገባኝም ብሏል» ስትል ጻፈችልኝ። በመጪው ቅዳሜ ከሁለተኛው መስመር እንጀምራለን።