ጌም ቤቱ የማይቆጥራቸው ደንበኞች

በገላን ኮንዶሚኒየም ከሕንፃ ሥር የንግድ ቤት ተከራይቶ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው በሐሳቡ ከሚያወጣቸውና ከሚያወርዳቸው የሥራ ዓይነቶች አንዱ ጌም ቤት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽንና ጥቂት ወንበሮች ከተገኙ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ዕቃው እንደ ቲማቲም አይበሰብስም፣ እንደ ልብስ ፋሽኑ ቶሎ አያልፍበትም፣ እንደ ምግብ ቤትም ሠራተኛ አያበዛም። ሒሳቡ በጨዋታ ወይም በሰዓት ይሰበሰባል፤ ዱቤ ጠያቂ እምብዛም የለም። መብራት እስካልጠፋ ድረስ ብሩ ይገባል።

ይሁን እንጂ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ የተቀመጡትን የቆጠረ ሰው አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም። ተጫዋቹም፣ ተራ ጠባቂውም፣ ቆሞ የሚያየውም ወንድ ነው። ጨዋታው ኳስ ነው። (ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጋር ተለያይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የጨዋታውን ስም ቢቀይርም ሰፈሩ ዛሬም «ፊፋ» ነው የሚለው።) የተጫዋቹ እህት «እማዬ ትጠራሃለች» ለማለት በር ላይ ብቅ ትል ይሆናል እንጂ ገብታ አትቀመጥም። ባለቤቱ ስለ ሴት ደንበኛ ቢጠየቅ ሊሰጥ የሚችለው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፤ «ሴቶች ጌም አይወዱም» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መልስ ከገበያ አንፃር ስሕተት መሆኑን ማሳየት ነው። ፍላጎት ያልነበረበት ገበያና አቅርቦት ያልደረሰበት ገበያ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ሱቁ ባዶ ነው። ልዩነታቸውን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም፤ መርካቶ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በተለይም ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ይወጣ በነበረ የቤቶች ፕሮግራም በተገነባ ሰፈር ውስጥ የቤት ባለቤት የሆነችን ሴት ከደንበኛ ዝርዝር መሰረዝ ለነጋዴ የሚያስገርም ውሳኔ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የጃፓን ጌም ቤቶችም የወንዶች መዋያ ነበሩ፤ የሚበዛው ጨዋታም ተኩስ ነበር። ናምኮ በተባለ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ወጣቱ ቶሩ ኢዋታኒ ሴቶችና ጥንዶች ገብተው ሊቀመጡበት የሚችሉ ጨዋታ ምን ሊሆን እንደሚችል ሲያስብ ያገኘው መልስ መብላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ለገበያ የቀረበው ፓክማን አፉን እየከፈተና እየዘጋ ነጥብ የሚለቅም ቢጫ ክብ ነው። ጠላቶቹ እንኳ በልዩ ልዩ ቀለም ያጌጡ፣ የማያስፈሩ መናፍስት ናቸው። መሣሪያ የለም፣ ደም የለም፣ መመሪያ ማንበብም አያስፈልግም፤ በአንዲት እጀታ ይነዳል። ጨዋታው የዓለምን ጌም ቤቶች አጥለቀለቀ። ኢዋታኒ ሴቶችን ሲጠራ ወንዶቹን አላጣም፤ እነርሱም አብረው ተሰለፉ። ነጋዴ አንባቢዎች ይህችን ነጥብ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፤ ለሴት ታስቦ የተሠራ ጨዋታ ወንድ ደንበኛን ያስወጣል የሚለው ስጋት ከ40 ዓመት በፊት መልስ አግኝቷል።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሻንጉሊት አምራቹ ማቴል ልጃገረዶች የባርቢን ልብስ በኮምፒዩተር የሚነድፉበትን ፕሮግራም አወጣ። በሁለት ወር ውስጥ ከ500,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። ይህን ያዩ ሌሎች አምራቾች ሮዝ ቀለም የተቀባ ሣጥን ሁሉ ይሸጣል ብለው ተሽቀዳደሙ። ያላዩት ነገር ቢኖር ልጆቹ የነደፉትን ልብስ በማተሚያ አማካይነት ጨርቅ ላይ አውጥተው እውነተኛዋን አሻንጉሊት ያለብሱ የነበረ መሆኑን ነው። በሣጥኑ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነበረበት፤ ሮዙ መጠቅለያ ነው። በዚያው ዓመት ብሬንዳ ሎረል የተባለች ተመራማሪ ከአንድ ሺሕ በላይ ሕፃናት ከተነጋገሩበት ጥናት ተነሥታ ፐርፕል ሙን የተባለ ኩባንያ አቋቋመች። ጥናቱ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ኩባንያው ግን በ1999 ተዘግቶ ንብረቱን ያው ማቴል ገዛው።

በዚሁ ወቅት ዊል ራይት የተባለው አሜሪካዊ ነዳፊ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩበትን ጨዋታ ልሥራ ሲል የገዛ ድርጅቱ ሰዎች የአሻንጉሊት ቤት ማን ይገዛል በሚል ተጠራጥረውት ነበር። «ዘ ሲምስ» እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ከስድስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ እስከዚያ ዘመን በብዛት የተሸጠ የኮምፒዩተር ጨዋታ ለመሆን በቃ፤ ከተጫዋቾቹም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ጨዋታው ቤት መሥራት፣ ዕቃ መግዛት፣ ምግብ ማብሰል፣ ጎረቤት መጥራትና ክፍያ መክፈል ነው። ይህን የሰማች የትኛዪቱም የአዲስ አበባ ሴት የጨዋታውን ስም ወዲያው ትነግረናለች፤ ዕቃ ዕቃ ነው። የእኛ ልጆች በጣሳና በጭቃ በነፃ ሲጫወቱት የኖሩትን አሜሪካኖቹ በሣጥን አሽገው በዶላር ሸጡት።

ዕቃ ዕቃ ብቻም አይደለም። ቅልብልቦሽን እንመልከት። ጠጠሮቹ መሬት ላይ ይበተናሉ። አንዷ ወደ ላይ ትወረወራለች፤ እርሷ አየር ላይ ሳለች ከመሬት አንድ ተለቅሞ የወረደችው ትቀለባለች። ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ እንዲህ እያለ እየከበደ ይሄዳል። የሳተች ተራዋን ትለቃለች። አንድ ዙር የሚፈጀው ደቂቃዎችን ነው። እናት ከተጣራች ጠጠሩ ኪስ ይገባና ነገ ይቀጥላል። ለመጀመር ምንም አይጠይቅም፤ ጎረቤትን ለመብለጥ ግን ወራት ይጠይቃል። የስልክ ጨዋታ የሚነድፍ ባለሙያ ከሚመኘው ነገር አብዛኛው እዚህ ውስጥ አለ። ሴቶች ውድድር አይወዱም የሚሉ ሰዎችም ቅልብልቦሽ ላይ «ነክቷል፣ አልነካም» በሚል የሚነሣውን ጭቅጭቅ ያላዩ መሆን አለባቸው።

ይህን መንገድ በአገራችን የጀመረ አለ። በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮን የሚያስሮጠውን «ኩኩሉ»ን ለስልክ አወጣ፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከሌሎች የአፍሪካ ጌም ሠሪዎች ጋር በፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ ተሰባስቧል። ዶሮም ገበጣም ጾታ አይመርጡም፤ ጥሩ ጅምር ነው። ይሁን እንጂ የልጃገረዶቹ ጨዋታዎች ቅልብልቦሽ፣ ሰኞ ማክሰኞና ዕቃ ዕቃ እንደ እነዚህ ስም ያለው ሥራ ሲሆኑ አላየሁም። ጥሬ ዕቃው ሜዳ ላይ ፈሶ የሚለቅመው ጠፍቷል።

ቁጥር የሚወዱ አንባቢዎች አይጠፉምና ጥቂት ልጨምር። ኳንቲክ ፋውንድሪ የተባለ የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ውጤት መሠረት አንድ ዓይነት ምስሎችን በሚያስገጥሙና እርሻና ቤተሰብ በሚያስተዳድሩ ጨዋታዎች ከተጫዋቹ 69 በመቶው ሴት ነው። በስፖርት ጨዋታ ግን 2 በመቶ ብቻ። ስለዚህ የገላኑ ባለ ጌም ቤት ሴቶች አይመጡም ሲል አልዋሸም፤ ሱቁን የሞላው ሴቶች በ2 በመቶ በሚሳተፉበት ሸቀጥ ነው። ከረሜላ ማስገጠምን የመሰለ ቀላል ነገር ገንዘብ ያወጣል ወይ ለሚል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ካንዲ ክራሽን የሠራው ኪንግ የተባለው ኩባንያ በ2016 በ5.9 ቢሊዮን ዶላር መሸጡን ማስታወስ ይበቃል። በጃፓን ኬይኮ ኤሪካዋ የተባሉት የኮኤይ ኩባንያ መሥራች ሴቶችን አሰባስበው ለሴቶች የሚሆን «አንጀሊክ» የተባለ የፍቅር ታሪክ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያወጡ አዲስ የገበያ ዘርፍ ከፈቱ። ወይዘሮዋ የኩባንያውን ትርፍ በአክሲዮን ገበያ በማዋልም ስመ ጥር ናቸው፤ ማለትም ሒሳብ የማያውቁ ህልመኛ አልነበሩም።

አሁን ወደ ገላን እንመለስ። ለዚህች ደንበኛ የሚሠራ ጨዋታ ምን መምሰል አለበት? በመጀመሪያ ደረጃ የሴቲቱን ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። ከገላን መሐል ከተማ ሠርታ የምትመለስ ሴት የራሷ የሆነ ሁለት ሰዓት የላትም፤ ያላት በታክሲ ሰልፍ አሥር ደቂቃ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሃያ ደቂቃ፣ ወጡ እስኪንተከተክ ደግሞ ጥቂት ነው። ጨዋታው በማንኛውም ሰከንድ ቢቋረጥ ካቆመበት መቀጠል ይኖርበታል። በአንድ እጅ መጫወት መቻል አለበት፤ ሌላው እጅ ቦርሳ ወይም የአውቶቡስ ብረት ይዟል። ኔትወርክ ሲጠፋ መቆም የለበትም፤ የቀን ጥቅሏንም መጨረስ የለበትም። ስልኳ ቴክኖ ወይም አይቴል ከሆነ በልጆች ፎቶግራፍ የተሞላ ነውና በጊጋባይት የሚቆጠር ነገር ጫኚ ማለት አትጫኚ ማለት ነው። ቋንቋው አማርኛ ብቻ ሳይሆን አፋን ኦሮሞም ቢሆን በዚህ አካባቢ ገበያውን ያሰፋል።

ከሁሉ በላይ ግን ስድብ ነው። በኢንተርኔት የሚካሄዱ የቡድን ጨዋታዎች ውስጥ ሴት መሆኗ የታወቀባት ተጫዋች የሚገጥማት ነገር በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ ብዙዎች የወንድ ስም ይዘው ይጫወታሉ ወይም ጭራሹን ይተዉታል። ለዚህ መድኃኒቱ በእጃችን ያለ ይመስለኛል። እቁብ የሚጣለው ከማያውቁት ሰው ጋር አይደለም። ተጫዋቿ በስልክ ቁጥር የምታውቃቸውን የእቁብ፣ የቡና ወይም የሥራ ቤት ጓደኞቿን ብቻ ጠርታ የምትወዳደርበት፣ በየሳምንቱ አሸናፊ የሚወጣበት ጨዋታ ቢሠራ እንግዳ ተሳዳቢ የሚገባበት በር አይኖርም። እያንዳንዷ ተጫዋች አሥር ትጠራለች፤ ማስታወቂያ ሳይወጣ ገበያው ይሰፋል። ሌላው ቀርቶ ማን አሸነፈ የሚለው ወሬ ቡና ላይ ለሦስት ቀን ይበቃል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚሰነዘሩ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው በአገር አቀፍ ደረጃ ስልክ ያላቸው ሴቶች ከወንዶች ያነሱ ናቸው የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ነገር ግን እኔ የማወራው ስለ ከተማ ነው፤ ገበያም ከሚገኝበት ይጀመራል። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ይህ ሌላ ቁማር አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። የስፖርት ውርርድ ቤቶች በየሰፈሩ ተስፋፍተው የብዙ ቤተሰብ ሰላም ሲያናጉ ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። በውጭው ዓለምም ተጫዋቿ ስትሸነፍ «በዚህን ያህል ሳንቲም ሌላ ዕድል ግዢ» የሚሉ ጨዋታዎች የደመወዝተኛን ኪስ ሲያራቁቱ ታይቷል። በእኔ አስተያየት በገላን በዚህ መንገድ ትርፍ ለማግኘት የሚነሣ ባለሀብት ከሥነ ምግባሩም ባሻገር ሒሳቡን ስቷል። የአስቤዛ ገንዘብ የምትቆጥር ሴት ለአየር ላይ ከረሜላ ብር አታወጣም፤ አንዴ ከተታለለች ደግሞ ለእቁቡ ሁሉ ትናገራለች።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ክፍያ እንደ ድሮው እንቅፋት አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሷል፤ ኤምፔሳም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጥቂት ብር በወር ተከፍሎበት ያለ ማስታወቂያ የሚጫወቱት ጨዋታ ማቅረብ ይቻላል። ዋናው ገቢ ግን ከተጫዋቿ ሳይሆን እርሷን ከሚፈልጓት ነው። የትኛው ዘይት፣ የትኛው ሳሙና፣ የትኛው ፓስታ፣ የትኛው ዳይፐር ቤት እንደሚገባ የምትወስነው እርሷ ናት። አምራቾች በየበዓሉ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ስፖንሰር ለመሆን ሲሽቀዳደሙ እናያለን፤ ስንት የቤት እመቤት እንዳየችው ግን ማንም በትክክል አይነግራቸውም። ጨዋታ ውስጥ የገባ ማስታወቂያ ግን በስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ሰፈር እንደታየ ይቆጠራል። ክፍያውም በብር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የፕሌይስቴሽን መለዋወጫ ዋጋ ላስጨነቀው ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ አገር ነው። ከገላን ኮንዶሚኒየም ብዙም ሳይርቁ ለማስታወቂያ በጀት የሚይዙ የሽያጭ ኃላፊዎችን ማነጋገር ይቻላል። ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ይወጣሉ። በቅልብልቦሽ ያደጉትን ሁለት ሦስቱን ቀጥሮ ጨዋታውን እነርሱ እንዲነድፉት ማድረግና ለአንድ ብሎክ ነዋሪዎች በነፃ ሰጥቶ ለሦስት ወር መሞከር የሚጠይቀው ገንዘብ፣ ከሕንፃ ሥር ሌላ ጌም ቤት ለመክፈት ለቅድመ ኪራይና ለዕቃ ከሚወጣው ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም።