ውጫሌና የአንደበት ኃይል

አማኝ በአፉ ያወጀው ሁሉ ይሆንለታል የሚሉን ሰባኪያን በዝተዋል። እኔ ግን በአምባሰሏ ውጫሌ እሞግታቸዋለሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል አማርኛው፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ሮማም ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ስትል ለአውሮፓ አወጀች። አወጀች፤ ግን አልሆነም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የብዙ ሺህ ሰው ደም ፈሰሰ እንጂ ሐሰቱ እውነት አልሆነም።

የአንደበትን ኃይል አልክድም። ሐዋርያው ያዕቆብ ምላስን በእሳት የመሰላት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐሰተኛ ቃል ይገድላል፤ እውነትን ግን አይፈጥርም። ተናግሮ መፍጠር የእግዚአብሔር ነው፤ የእኛ ድርሻ ቃልን መጠበቅ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ የምትሻውን ከማወጅህ በፊት የገባኸውን ቃል ፈጽም።