ዶልዱም ሰንጢ ላይ ስም ማሳተም ምን ይሉታል?

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው ካላንደር፣ አጀንዳ፣ እስክሪብቶና ቁልፍ መያዣ ማደላቸው የተለመደ ነው። ከእነዚህ ጋር የድርጅቱ አርማ የታተመበት ሰንጢ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ስለት፣ ጠርሙስ መክፈቻ፣ የቡሽ መንቀያና ትንሽ መቀስ በአንድ እጀታ ውስጥ ታጥፈው ሲታዩ ዓይን ይስባሉ። ችግሩ የሚመጣው ሰንጢው ሥራ ላይ ሲውል ነው። ስለቱ ብርቱካን ላይ ይንሸራተታል። መቀሱ ክሩን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። የቡሽ መንቀያው ገና ሲጎትቱት ይቃናል። ሞላው የላላ እንደሆነ ደግሞ ስለቱ ተመልሶ ጣት ላይ ይታጠፋል።

«በነጻ የተሰጠ ነገር ምን አቃቂር ይወጣለታል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሰንጢው ነጻ የሆነው ለተቀባዩ ብቻ ነው። ሰጪው ገንዘብ ከፍሎበታል፤ ከገንዘቡም በላይ ስሙን አሳትሞበታል።

የጥራት ጉድለቱ መነሻ ብረቱ ነው። ብዙዎቹ ሰንጢዎች ላይ «ስቴንለስ» የሚል ቃል ተቀርጿል። ቃሉ የሚያመለክተው ብረቱ ዝገትን እንደሚቋቋም እንጂ ይቆርጣል ማለት አይደለም። ስለት የሚይዝ ብረት በቂ ካርቦን ሊኖረው፣ በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግሎ በፍጥነት ሊቀዘቅዝ፣ ከዚያም በመጠነኛ ሙቀት ሊስተካከል ይገባል። የአገራችን ቀጥቃጭ ቢላዋውን አግሎ ውሃ ውስጥ የሚነክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ዋጋ ለመቀነስ የፈለገ አምራች ደግሞ ለመቆጠብ የሚቀናው እዚህ ላይ ነው። በዓይን የማይታይ ሥራ ስለሆነ አርማው እንደሆነ ያምራል፣ እጀታውም ያብረቀርቃል።

ይህን ሁሉ በአምራቹ ላይ ብቻ መደፍደፍ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት የምትገኘው ያንግጂያንግ በቢላዋና በመቀስ ምርት የታወቀች ከተማ ናት። ጥሩውም መናኛውም ከዚያ ይወጣል። ፋብሪካ የሚሠራው የተከፈለውን ያህል ነው። ጥያቄው ማን ምን ብሎ አዘዘ የሚለው ነው።

አሠራሩን እንመልከት። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ፕሮፎርማው ላይ ብዛቱ፣ ቀለሙና የአርማው መጠን ሲሰፍር ስለ ብረቱ ዓይነት አንድም ቃል ላይጻፍ ይችላል። ግዢውን የፈጸመው ሠራተኛ በሰንጢው አይጠቀምም። የሚጠቀምበት ደንበኛ ደግሞ አልመረጠውም። አምራቹም ስሙን አላኖረበትም፣ ስለዚህ ቢወቀስም አይሰማም። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ገዢ ጥራትን ለይቶ ማወቅ በማይችልበት ገበያ መናኛው ዕቃ ጥሩውን እንደሚያስወጣ አሳይተዋል። በ2001 ለኖቤል ሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች ዋናው ይኸው ነው። የማስታወቂያ ሰንጢ ገበያ ከዚህ የባሰ ነው፤ ገዢው ጥራቱን ለማወቅ የሚሞክርበት ምክንያት እንኳ የለውም።

በቢላዋ ንግድ ስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታሪክ ይመሰክራል። የእንግሊዟ ሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች ርካሽ የጀርመን ቢላዋ የከተማቸው ስም እየተመታበት መሸጡ ስላስመረራቸው አቤት ካሉት መካከል ነበሩ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1887 ባወጣችው የንግድ ምልክት ሕግ «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ተስፋፋ። ለማሳፈሪያ የታሰበው ጽሑፍ ጀርመኖች ጥራታቸውን ሲያሻሽሉ መመኪያቸው ሆነ። ዞሊንገን የተባለችው የጀርመን ከተማም ስሟ በሌላ ቦታ በተሠራ ቢላዋ ላይ እንዳይታተም እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ አስጠበቀች።

የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ ሌላው ምሳሌ ነው። በ1884 የተቋቋመው ይህ ድርጅት በ1891 ለአገሩ ጦር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ዛሬ የሌሎች ኩባንያዎችን አርማ እያተመም ይሸጣል፤ ሆኖም የራሱ ስም ከሰንጢው ላይ አይጠፋም። አምራቹና ሰጪው አብረው ስማቸውን ስላስያዙ ተቀባዩ ሁለት ዋስ አለው ማለት ነው።

«እንዲህ ያለው ውድ ነው» መባሉ አይቀርም። እውነት ነው። ግን ሂሳቡን እናስላው። እንበል 100 ሺህ ብር በጀት ተይዟል። በ100 ብር ሂሳብ 1,000 መናኛ ሰንጢ፣ በ1,000 ብር ሂሳብ ደግሞ 100 ደህና ሰንጢ ይገዛል። የመጀመሪያው 1,000 ደንበኞች ጋ ደርሶ በሳምንቱ መሳቢያ ውስጥ ይጣላል። ሁለተኛው 100 ዋና ዋና ደንበኞች ኪስ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ሳሩን አይቶ ገደሉን አለማየት የሚባለው የመጀመሪያውን መምረጥ ነው። በጀቱ ለደህና ሰንጢ የማይበቃ ከሆነ ካላንደር ይሻላል፤ ወረቀት ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ሥራውን ይሠራል።

ሰንጢ ማደል የግድ ከሆነ ጥንቃቄው ከባድ አይደለም። የብረቱ ዓይነትና የጥንካሬው መጠን ፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ። ለማነጻጸሪያ ያህል የቪክቶሪኖክስ ስለት በሮክዌል መለኪያ 56 ገደማ ነው። ከማዘዝ በፊት ናሙና ይምጣ፤ ገመድ ይቆረጥበት፣ ቡሽ ይነቀልበት፣ መቶ ጊዜ ይከፈትና ይዘጋ። ናሙናው ታሽጎ ይቀመጥና ዕቃው ሲገባ ከእሱ ጋር ይነጻጸር። የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ በኋላ ይፈጸም። አስመጪዎችም ቢሆኑ በሚያቀርቡት ዕቃ ላይ የራሳቸውን ስም ለማኖር ቢደፍሩ ከተፎካካሪዎቻቸው የሚለዩበት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ሰንጢው እጁ ላይ የተሰበረበት ደንበኛ ፋብሪካው የት እንዳለ አያውቅም፤ ፕሮፎርማውንም አላየም። የሚያነበው እጀታው ላይ የታተመውን ስም ብቻ ነው።