የጥላቻ ወንጀልና የሰፈሩ ኃላፊነት

የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እሥራት ይደርሳል። መልካም ነው። ለመሆኑ የተዛተበትን ሰው ደጃፍ የሚጠብቀው ማን ነው? የቅጣት አንቀጽ የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነውና።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ትግራዋይ በመሆናቸው፣ ፎቶግራፋቸውና ሰፈራቸው በፌስቡክ ተለጠፈ፤ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ከቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ሜታ ኩባንያን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው በየነ። ስለ ኩባንያው ብዙ ተብሏል። ዛቻው ለሳምንታት በአደባባይ ሲነበብ ቀበሌውና ጎረቤቱ ምን ሊያደርጉ ይችሉ እንደ ነበር ግን እምብዛም አልተጠየቀም።

መቀሌ ይህን የሌላ ከተማ ኃጢአት ብቻ አድርጋ ማለፍ አይገባትም። ከጦርነቱ በኋላ ከሌሎች ክልሎች የተመደቡ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ተመልሰዋል፤ የተበደለ ሕዝብ ቁጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በበደለው ላይ ሳይሆን በቅርብ በተገኘው ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. በወልዲያና በመቀሌ ክለቦች ጨዋታ ሰበብ ወልዲያ ላይ ግጭት ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪ ተገደለ። በቀሉም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተሻገረ።

እንግዲህ ሰባቱ ክፍለ ከተሞች ከእድሮችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር የጋራ የዛቻ መዝገብ ይክፈቱ። ፖሊስ ጣቢያ መሄድ የፈራ ሰው ለእድሩ ዳኛ ይንገር፤ ዳኛው በዚያው ቀን ያስመዝግብ፤ ፖሊስ እስኪደርስም ጎረቤት በፈረቃ ይጠብቅ። እድር ድንኳን ለመትከል ሞትን መጠበቅ የለበትም። (ጎረቤት ጠቋሚም ይሆናል፤ በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ትግራዋይ በማንነታቸው ሲታሰሩ ይህን አይተናል።) ስለዚህ መዝገቡ የዛቻውን ቃልና የዛተውን ሰው ይያዝ እንጂ የነዋሪዎች የብሔር ዝርዝር አይሁን።

ምክር ቤቱስ ይታመናል? በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የከንቲባው ጽሕፈት ቤት የአንድ ፓርቲ አንጃዎች መነጣጠቂያ ሲሆን ነዋሪው አይቷል። ከንቲባው ማንም ይሁን፣ መዝገቡ ከፓርቲ ቢሮ ውጭ ይቀመጥ፤ አንዱ ቁልፍ በቀበሌው፣ ሌላው በእድሩ እጅ ይሁን።