ውኃውን ማን ይዝጋ?

ባለፈው ጥቅምት በአንዱ ሌሊት፥ ልደታ ውስጥ በተከራየነው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ቤት፥ አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጣቶቻችንን በሸፈነ ውኃ ውስጥ በባዶ እግራችን ቆመን እርስ በርሳችን እንተያይ ነበር። ሁለታችን የታሪክ፥ አንዳችን የፍልስፍና፥ አንዳችን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። በጠረጴዛው ላይ ስለ ሩሶ ማኅበራዊ ውል የምናዘጋጀው ጽሑፍ እንደ ተዘረጋ ነው። ከመጸዳጃ ቤቱ የውኃ ማጠራቀሚያ ሥር አንድ ቱቦ ተበጥሶ ውኃው ይጎርፋል። ከአራታችን የቤቱ ውኃ ከወዴት እንደሚዘጋ የሚያውቅ አንድ እንኳ አልተገኘም። በመጨረሻ ከፊት ለፊታችን ቤት የሚኖር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጩኸታችንን ሰምቶ መጣና ከመታጠቢያው ክፍል በር ጀርባ ያለችውን መዝጊያ ወደ ቀኝ አዙሮ ዘጋልን። ምንም ሳይናገር ወደ መኝታው ተመለሰ።

በማግሥቱ ጧት፥ እትዬ እያልን የምንጠራቸው ከበታቻችን ያሉት ጎረቤታችን መጡ። ውኃው በጣራቸው ሰርጎ ለወሩ ያስቀመጡትን ጤፍ አርሶባቸዋል። አልጮኹም፥ አልተሳደቡም። «ልጆቼ፥ እዚያ ስድስት ኪሎ ውኃ መዝጋት አያስተምሩም?» ሲሉ ብቻ ጠየቁን። እንከፍላለን ብንል ገንዘቡ እንደሌለን እኛም እሳቸውም እናውቃለን። ስለዚህ «ያበላሻችሁት እናንተ፥ የምታበጁትም እናንተ» ብለው ፈረዱ። ልደታ የፍርድ ቤት ሰፈር ነውና ፍርዱ ይግባኝ አልነበረውም። ጤፉን ሁለት ቀን በሸራ ላይ አሰጣን፤ የክፍላቸውን ጣራ ፍቀን ቀለም ቀባን።

ይህን የምንጽፈው የግል ጉዳያችንን ለማውራት አይደለም። ጥያቄያቸው ለእኛ ለአራታችን ብቻ የቀረበ መስሎ ስላልታየን ነው። ቱቦው ከመበጠሱ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንጠባጥብ ነበር። አንድ ቀን ከሥሩ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብናስቀምጥ ከምሽት እስከ ንጋት ግማሹን ሞልቶ አገኘነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፥ ጎረቤት ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ በሚወጣበት ቤት፥ ይህ ጥቂት ነገር አይደለም። እኛ ግን ሁላችንም «ባለሙያ ይጠራ» እያልን አንዳችን በአንዳችን እናሳብብ ነበር። አንድ ባለሙያ ተጠርቶ በቀጠረን ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ እኛም ጉዳዩን ተውነው። በኋላ ራሳችን እንደ ሞከርነው፥ አዲስ ቱቦ ገዝቶ መተካት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

እንግዲህ የሩብ ሰዓት ሥራ ለምን ሦስት ሳምንት ፈጀ? ስንፍና ነው ቢባል መልሱ ሙሉ አይሆንም፤ በእነዚያው ሦስት ሳምንታት ሌሊት እየተቀመጥን ስንት መቶ ገጽ አንብበናል። ገንዘብ ማጣት ነው ቢባልም ቱቦው ከአንድ ሳምንት የሻይ ወጪያችን አይበልጥም። እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ሥራው የእኛ ሥራ መስሎ አልታየንም።

ከአራታችን አንዱ የመጣው ከጎጃም፥ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። ከጎርፉ በኋላ ነው ስለ አባቱ ያጫወተን። አባቱ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የቤታቸውን ግድግዳ ይመርጋሉ። አፈሩን ከጭድ ጋር አላቁጠው ለጥቂት ቀን ያስተኙታል፥ መልሰው በእግር ይረግጡታል። ከመምረጋቸው በፊት አሮጌውን ግድግዳ ውኃ ያርከፈክፉበታል፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ እርጥበት ጠጥቶ ምርጊቱን ይሰነጥቀዋልና። ጓደኛችን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አብሮ ይረግጥ ነበር። ታዲያ ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርኸንም ብንለው፥ ለሦስት ዓመት ያፈረበት መሆኑን አልሸሸገንም። እነሆ ትምህርት ቤት እጃችንን አላሠለጠነውም ብቻ ሳይሆን፥ የሠለጠነውን እጅ እንዲደበቅ አድርጎታል። በእኛ አስተያየት የነገሩ ሥር ይህ ነው።

ይህ እፍረት በእኛ ዘመን የተወለደ አይደለም። ባገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚያለፋውንና ሸክላ የምትሠራውን በሥራቸው መስደብ የቆየ ልማድ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በመንገድ ሥራ ላይ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዘመናቸው የነበሩ መንገደኞች ጽፈዋል። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ንጉሥ ድንጋይ አነሣ፥ ንጉሥ አዋጅ አስነገረ፤ ነገር ግን ስድቡ መልኩን ለውጦ እስከ እኛ ደርሷል። ዛሬ ማንንም «ቀጥቃጭ» ብለን አንሰድብም። ነገር ግን ካቻቢቴ የያዘውን ሰው «አንተ» እያልን፥ ወረቀት የያዘውን «እርስዎ» እንላለን።

ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ አንድ የታወቀ የሙያ ትምህርት ቤት አለ፤ ስሙ ተግባረ እድ ነው። ግዕዝ የተማርን እንደምናውቀው እድ ማለት እጅ ነው፤ ተግባረ እድም የእጅ ሥራ ማለት ነው። በዚሁ በልደታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመው የዩኒቨርሲቲያችን ክፍል ይገኛል። የእጅ ሥራ የሚማሩትና ቤት መሥራት የሚማሩት በሁለት ወገን በጎረቤትነት ተቀምጠው ሳለ፥ እኛ በመካከላቸው በውኃ ተጥለቀለቅን።

አንዳንድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሦስት ተቃውሞ ያቀርቡ ይሆናል። አንደኛው፥ ሥልጣኔ ማለት የሥራ ክፍፍል ነው፤ ሐኪሙ ያክም፥ የቧንቧ ሠራተኛው ቧንቧ ይሥራ የሚል ነው። እውነት ነው። ሆኖም ማንኛችንም እጃችን በተቧጠጠ ቁጥር ሐኪም አንጠራም፤ አጥበን እናስረዋለን። ቤትም ጭረት አለው፥ ሕመምም አለው። እኛ የምንናገረው ስለ ጭረቱ ነው።

ሁለተኛው የባለሙያውን እንጀራ መንጠቅ ይሆናል የሚል ነው። ይህ ከልብ የመጣ አሳብ ስለሆነ እናከብረዋለን። ነገር ግን ለአንዲት ቀለበት ጎማ ከሰፈር ሰፈር የሚመላለስ ባለሙያ ከታክሲው ወጪ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይልቁንም ሥራውን የሚያውቅ ደንበኛ የደከመበትን ዋጋ ሳይከራከር ይከፍላል፤ ያልሠራለትንም ያውቃል። የቧንቧ ሠራተኛን ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ያከበርነው የመጀመሪያውን ቱቦ ራሳችን ባጠበቅንበት ቀን ነው።

ሦስተኛው አደጋ አለው የሚል ነው። ይህ ደግሞ በከፊል ትክክል ስለሆነ፥ የሚሞከረውንና የማይሞከረውን ለይተን እንናገር።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ አዲስ ቤት የገባ ሰው መጽሐፉን ከመደርደሩ በፊት የውኃውን መዝጊያና የመብራቱን ማጥፊያ ይፈልግ። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያረጀው ውስጡ ያለው ትንሽ ጎማ ነው። ውኃውን ዘግቶ፥ የቀረውን አፍስሶ፥ ራሱን በመፍቻ ፈትቶ፥ አሮጌውን ጎማ ይዞ ሱቅ በመሄድ ልኩን መግዛት ነው። በጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ነጩ ቴፍሎን ቧንቧው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ይጠምጠም፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲጠብቅ ይተረተራል። የመጸዳጃ ማጠራቀሚያ በስውር ማፍሰሱን ለማወቅ ደግሞ እኛ ተማሪዎች የማናጣው መሣሪያ አለ፤ እርሱም ቀለም ነው። ጥቂት ቀለም ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ ቢጠብቁ፥ ቀለሙ ታች ከታየ ውኃው እየባከነ ነው። የእቃ ማጠቢያው ሲዘጋም ከሥሩ ያለውን ቆልማማ ቱቦ ባልዲ አስቀምጦ መፍታትና ማጠብ ይበቃል። ያ ቱቦ የተቆለመመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በውስጡ የሚቀረው ውኃ የፍሳሹን ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ይከለክለዋል።

በልደታና በሌላውም ሰፈር በቆርቆሮ ቤት የምትኖሩ ጓደኞቻችን ሰኔ ሳይገባ ጣራውን ተመልከቱ። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃው የሚወርደው በሸለቆው ነውና ሸለቆው ላይ የተመታ ሚስማር ያፈሳል። ትንሽ ቀዳዳ በደረቅ ቀን ተጠርጎ በሬንጅ ሊደፈን ይችላል። ወጥቶ የሚሄድ ሰው የሚስማሩን መሥመር ይርገጥ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው በዚያ ነው። ብቻውንም አይውጣ፥ መሰላል የሚይዝለት ይኑር።

መብራት ግን ሌላ ነው። 220 ቮልት ተማሪና መምህር አይለይም። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኃይል የሚስብ መሣሪያ ስለሆነ፥ የተበጠሰ ሽቦውን ጠምዝዞ መቀጠል በብዙ ቤት ቢለመድም፥ የተቀጠለበት ስፍራ ከልክ በላይ ይግላል። በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ ወፍራም ሽቦ መክተትም ጠባቂውን አሰናብቶ በሩን ክፍት መተው ነው። እዚህ ላይ «አላውቅም» ማለት እውቀት ነው፤ ባለሙያ ይጠራ፥ ዋጋውም ይከፈል።

አንድ ነገር ይቀራል። የጋራ ሕንፃ ቤት ሙሉ በሙሉ የአንድ ሰው አይደለም። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግሉን ክፍልና የጋራውን ለይቶ፥ የጋራው በባለቤቶች ማኅበር እንዲተዳደር ይደነግጋል። በግድግዳ ውስጥ የሚወርደው የፍሳሽ ቱቦ፥ ደረጃውና ጣራው የሁሉም ናቸው። ልደታ በ2000ዎቹ ዓ.ም. አሮጌ ቤቶቹ ፈርሰው በፎቅ ሲተኩ፥ ጎረቤት ከጎን ወደ ላይና ወደ ታች ሆነ፤ የአንዱ ቸልታ በሌላው ራስ ላይ ይንጠባጠባል። አባቶቻችን ጣራ ሲከድኑና ግድግዳ ሲመርጉ በደቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአምስተርዳም ከተማ የተጀመረውና ወደ ብዙ አገር የተስፋፋው «ሪፔር ካፌ» የሚባለው ስብሰባ ጎረቤቶች የተሰበረ እቃቸውን ይዘው መጥተው አብረው የሚጠግኑበት ነው። ደቦን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። ማኅበሩ አንድ የመሣሪያ ሣጥን ይግዛ፤ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፥ መፍቻ፥ መዶሻ፥ ቴፍሎንና ልዩ ልዩ ጎማ ይኑረው፤ እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍም በፊርማ ይዋስ። በወር አንድ ቅዳሜ ከሙያ ትምህርት ቤት አንድ አስተማሪ ተጋብዞ፥ አበሉም ተከፍሎት፥ ያሳየን። እኛም በምላሹ የእንግሊዝኛ ወይም የታሪክ ትምህርት ለሚፈልጉ ተማሪዎቹ እንስጥ። እጅና ብዕር እንዲህ ቢለዋወጡ ማንም አይከስርም። ከጎጃም የመጣው ጓደኛችን የመጀመሪያውን ቅዳሜ ስለ ጭቃ ምርጊት ለማስተማር ቃል ገብቷል፤ ሳያፍርም ነው።

ስለ ሀገር ብዙ እንከራከራለን፤ መከራከርም ይገባናል። ነገር ግን የቤቱን ውኃ መዝጋት የማያውቅ ሰው ስለ ሀገር ጥገና ሲናገር፥ እትዬ ከታች ሆነው ወደ ጣራቸው ቀና ብለው ይመለከታሉ። ጣራቸው አሁን ደርቋል። ቀለሙ ግን በደንብ አልተመሳሰለም፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጥረውናል።