የቪ ኤይቱና የፒክአፑ ዝምድና

አዲጋላ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠህ ታውቃለህን? ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚወርደውም፥ ከደወሌ የሚመጣውም ሾፌር ሻይ የሚጠጣው እዚያ ስለሆነ፥ ተማሪዎቼ ከእኔ ክፍል ይልቅ ከዚያ ደጃፍ የሚማሩት ሳይበልጥ አይቀርም።

ባለፈው ሰሞን ሁለት የዐሥረኛ ክፍል ልጆች ስለ አንድ ነጭ ቪ ኤይት ሲጨቃጨቁ ደረስሁ። አንደኛው፥ «የዚህ የባለ ሥልጣን መኪና ሞተርና የዚያ ዕቃ ጫኝ ፒክአፕ ሞተር አንድ ነው» ይላል። ሁለተኛው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው፥ «መዓሊን፥ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ። መዓሊን በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው። እኔም ኮሌጅ የበጠስሁ ሰው ነኝና ከሚስቀው ጋር አብሬ ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳገላብጥ ግን የተሳሳትነው እኔና ሳቂው ሆነን ተገኘን። በማግስቱ በክፍል ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ልጁም እስከ ዛሬ ድረስ ይህንኑ ሲያስታውሰኝ ይኖራል።

እኛ ቪ ኤይት የምንለው ላንድ ክሩዘር 200ን ነው። ስሙን ያገኘው ከሞተሩ ነው፤ ስምንቱ ሲሊንድሮ አራት አራት ሆነው በ«ቪ» ፊደል ቅርጽ ስለ ተደረደሩ ነው። ቶዮታ ይህን ባለ 4.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ሲያወጣ፥ ያወጣው ለሁለት ቤት ነበር፤ ለባለ ምቾቱ ለ200ውና ለዕቃ ጫኙ ለ70ው። ለፒክአፑ አንድ ቱርቦ ሰጠው፤ ጉልበቱም 200 ፈረስ ገደማ ሆነ። ለባለ ምቾቱ ሁለት ቱርቦ ሰጠውና ከ260 በላይ ወጣ። (ቱርቦ የሞተሩ ጭስ እየገፋው የሚሽከረከር፥ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያጎርስ መሣሪያ ነው።) በ2015 ደግሞ ይኸው ሞተር ሌክሰስ በሚባለው የቶዮታ የክብር ልጅ ውስጥ ገባ።

ነገሩ የጃፓኖች ብቻ አይምሰልህ። ሮልስ ሮይስ ከ1950 እስከ 1956 ፋንተም 4 የተባለ አውቶሞቢል ሠርቶ ነበር፤ በጠቅላላው 18 ብቻ፥ እሱም ለነገሥታትና ለአገር መሪዎች። የዚያ መኪና ባለ ስምንት ሲሊንድሮ ሞተር ግን የተገኘው ለጦር መኪና ጭምር ከተዘጋጀ የሞተር ቤተሰብ ነው፤ ሳላዲን የሚባለውን ብረት ለበስ የሚያንቀሳቅሰውም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነበር። በ2009 ሮልስ ሮይስ ጎስትን ሲያወጣ ደግሞ የቢኤምደብሊውን ባለ ዐሥራ ሁለት ሲሊንድሮ ሞተር ከ6 ወደ 6.6 ሊትር አሳድጎ ነው። ቤንትሌ፥ አውዲና ፖርሽም በአንድ ጌታ ሥር ስላሉ ባለ 4 ሊትር ሞተር ተካፍለዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ሞተር ከባዶ ወረቀት ተነሥቶ በበረዶም በበረሃም እስኪፈተን ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ወጪው በአንድ ዓይነት መኪና ላይ ብቻ ቢጫን ማን ይገዛዋል? ስለዚህ ዋናው አካል አንድ ሆኖ ይቆይና ቱርቦው፥ ማቀዝቀዣው፥ የናፍጣው አረጫጨት፥ ንዝረቱን የሚውጠው ጎማ ይለወጣል። የቀረው የባለ ሥልጣኑ ገንዘብ (ይቅርታ፥ የመንግሥት ገንዘብ) የሚሄደው ለወንበሩና ለጸጥታው ነው።

በእኛ በረሃ ግን ከቪ ኤይት ይልቅ የደከመው ሌላ ሞተር ነው፤ መካኒኮቻችን ኤችዜድ የሚሉት። በ1990 የወጣ፥ ባለ 4.2 ሊትር፥ ስድስት ሲሊንድሮው በአንድ መስመር የቆመ፥ ቱርቦ የሌለው። ላንድ ክሩዘር 70ንም ኮስተር አውቶቡስንም ያገለግላል። በዚያው ዓመት በሲሊንድሮ ስፋትና በፒስቶን ምልልስ ልክ የሚተካከለው፥ ቱርቦ የተጨመረለት ወንድሙ በባለ ምቾቱ በላንድ ክሩዘር 80 ገባ። ይህ ዝምድና ምን እንደሚፈይድ ዐምና በግንቦት ወር በዓይኔ አየሁ።

ምጥ የያዛትን አንዲት እናት ወደ ድሬዳዋ ይወስድ የነበረ አምቡላንስ ከጣቢያው ጥቂት አለፍ ብሎ ቆመ። የውሃ ፖምፓው ተበላሽቶ ራዲያተሩ ደርቋል። በእኛ ሙቀት ውሃ የሌለውን ሞተር ቢነዱት ቴስታታው መጣመሙ ነው። ሌላ መኪና እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል ተባለ። ሦስት ሰዓት እንደማይገኝ ከአዋላጇ ፊት ይነበብ ነበር።

በከተማዋ ሁሉም «አዴር» (አጎት ማለት ነው) የሚላቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ካምቢዮው ወጥቶ በድንጋይ ላይ የቆመ ኮስተር ነበር፤ ባለቤቱ ካምቢዮ ፍለጋ ድሬዳዋ ሄዷል። አዴር ማንንም ሳያስፈቅዱ ከኮስተሩ ሥር ገቡ።

«አዴር፥ የአውቶቡስ ዕቃ ለአምቡላንስ ይሆናል?» አልሁ።

«መዓሊን፥ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንተ መብራቱን ያዝ» አሉኝ።

ሁለቱን ፖምፓ ጎን ለጎን አስቀምጠው የቡሎኑን ቀዳዳ በጣታቸው ቆጠሩ። ጓርኒሲዮኑን ከካርቶን ቆርጠው ሠሩ፤ ቺንጋውን መለሱ፤ ውሃ ሞሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አምቡላንሱ ተነሣ። ሕፃኗ የተወለደችው ድሬዳዋ ከደረሱ በኋላ ነው።

የቆመው ቪ ኤይት ቢሆን ኖሮ የኮስተሩ ፖምፓ አይገጥምለትም ነበር፤ ቤተሰቡ ሌላ ነውና። አንተ መሥሪያ ቤት ያለህ ወዳጄ፥ አንድ ቀን የግዢ ኮሚቴ ላይ ከተቀመጥህ፥ ስለ ወንበሩ ቆዳ ሳትጠይቅ ሞተሩ በየመንገዱ ስንት ዘመድ እንዳለው ጠይቅ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ. ም. ከተነገረ ወዲህ ደግሞ፥ ያሉን ሞተሮች አንዱ ከሌላው እየተበደሩ ረጅም ዕድሜ መኖር ሊኖርባቸው ነው።

የኮስተሩ ባለቤት በሁለተኛው ቀን ካምቢዮውን አይሱዙ ላይ ጭኖ እየሳቀ መጣ። ካምቢዮው ተገጠመ። ሞተሩን ሊያስነሣ ሲል ፖምፓው የለም። መንደሩ እስኪሰማ ጮኸ። አዴር ነገሩን ሲያስረዱት ዝም አለ፤ ቆይቶም፥ «ልጅቱ ደኅና ናት?» ብሎ ጠየቀ። ደኅና ናት አልነው። ፖምፓው የመጣለት በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሻይ ሒሳቡን እኔና አዴር ተራ በተራ ስንከፍል ሰነበትን።